የሚሰጠን ክርስቶስና የሚለምነን ክርስቶስ

ጌታ በቂሣርያ ፊልጶስ አካባቢ ደቀ መዛሙርቱን «እናንተስ እኔን ማን ትሉኛላችሁ?» ብሎ በጠየቃቸው ጊዜ ጴጥሮስ «አንተ ክርስቶስ የሕያው እግዚአብሔር ልጅ ነህ» ሲል መለሰ፤ መልሱም ብፁዕ አሰኘው። የማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 16 ሲነበብ የብዙዎቻችን ጆሮ እዚያው ላይ ይቆማል። ጥቂት ቁጥሮች ወረድ ብሎ ግን ክርስቶስ መከራ ሊቀበል እንደሚገባው መናገር ሲጀምር ያው ጴጥሮስ ሊገሥጸው ቃጣው፤ «ወደ ኋላዬ ሂድ» የሚለውን ከባድ ቃልም ሰማ። መልሱ ትክክል ነበር፤ በልቡ የያዘው መሲሕ ግን መስቀል የሌለው ነበር። በዋሽንግተን ዲሲ ዙሪያ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ ከተሞች ከሀገሬ ሰዎች ጋር ስኖር፣ አልፎ አልፎም ወደ አዲስ አበባ ስመለስ፣ ይህ የጴጥሮስ ነገር ከሐሳቤ አይጠፋም። ኢየሱስ ማን እንደ ሆነ ተጠይቆ መልስ የሚቸግረው የሀገሬ ክርስቲያን እምብዛም አላጋጠመኝም፤ ኦርቶዶክሱ ጸሎተ ሃይማኖቱን በቃሉ ይወጣዋል፣ ጴንጤውም ጌታን የተቀበለበትን ቀን ሳይሳሳት ይነግርሃል። ሰው ጌታን በእርግጥ ማን አድርጎ እንደ ያዘው የሚታየው ግን ከመልሱ በኋላ፣ በሩ ሲንኳኳ ነው።

ሀገር ቤት ወር በገባ በ27 በመድኃኔ ዓለም ደጅ ያለፈ ሰው የምለውን ያውቃል። ነዳያኑ ከአጥሩ ሥር ተደርድረው «ስለ መድኃኔ ዓለም» ይላሉ። ባለፈው ጉዞዬ አንዲት ጠና ያሉ እናት ድፎ ዳቦ በመሶብ ይዘው ከቅዳሴ ሲወጡ አየሁ። ዳቦውን እየቆረሱ ለእያንዳንዱ በሁለት እጃቸው ይሰጡ ነበር፤ ከሰልፉ መጨረሻ የተቀመጡት ዓይነ ስውር ሽማግሌ ዘንድ ሲደርሱ ግን መሶቡን መሬት አስቀመጡና ጎንበስ ብለው ምርቃት ጠየቁ። ሽማግሌው ረዘም አድርገው መረቁ፤ እርሳቸውም «አሜን፣ አሜን» እያሉ እስኪጨርሱ አንገታቸውን ቀና አላደረጉም። «ተርቤ አብልታችሁኛልና» የሚለው ቃል እኚህን እናት በማንበብ የደረሳቸው አይመስለኝም። ከእናታቸው አይተው የወረሱት ነው፤ ለእርሳቸው መድኃኔ ዓለም መቅደሱ ውስጥም አለ፣ አጥሩ ሥርም ተቀምጧል፣ ከአጥሩ ሥር ያለው ደግሞ እጁን ዘርግቶ ነው የሚጠብቃቸው።

ይህን ስል ሀገር ቤትን ማሞገሴ አይደለም። በ1999 ዓ.ም. በተካሄደው የሕዝብ ቆጠራ ከሕዝቡ ከመቶ ከ60 በላይ የሚሆነው ክርስቲያን በሆነባት ሀገር፣ በአንድ ቀን ጾም ገብተው በአንድ ቀን የሚፈቱ ሰዎች ምን እንደ ተደራረጉ ባለፉት ዓመታት አይተናል። ዘይትና ስኳር ደብቆ ዋጋ የሚያንር ነጋዴም በበዓሉ ቀን ከነዳያኑ መካከል ብር እየበተነ ያልፋል፤ የምትበተነዋ ብር ብዙ ጊዜ የምትከፈለው ለመርዳት ሳይሆን ነገሩን ለመርሳት ነው። በየአዳራሹ ዘይትና ውኃ እየሸጡ ሀብት የሚተነብዩትም ከውጭ ብቻ የመጡ አይደሉም። ሆኖም በሀገር ቤት ክፉውም ደጉም ያን ድምፅ ሳይሰማ ወደ ቤተ ክርስቲያን አይገባም፤ ጆሮውን መድፈን ይችላል፣ ድምፁን ግን ማጥፋት አይችልም።

እዚህ ያ ድምፅ የለም። ወደ ቤተ ክርስቲያን የምንሄደው በመኪና ነው፤ ከማቆሚያው እስከ በሩ የሚለምን ሰው አይቆምም። ለማኙ ክርስቶስ ከዓይናችን ሲሰወር የቀረን የሚሰጠው ነው። በወንጌላውያን ጉባኤ ምስክርነት ሲሰጥ ቆይቶ የሰማ ሰው ጌታ ግሪን ካርድ እንደ ሰጠ፣ ቤት እንደ ሰጠ፣ ፈተና እንዳሳለፈ ይሰማል። ኦርቶዶክሱ በዚህ መሳቅ የለበትም፤ የእርሱም ስለት ከዚሁ ብዙ አይርቅም። ታኅሣሥ 19 ወደ ቁልቢ ገብርኤል ከሚጎርፈው ሕዝብ መካከል ከአሜሪካና ከአውሮፓ የመጣው ጥቂት አይደለም፤ ቪዛ ስለ ወጣ፣ ልጅ ስለ ተወለደ ስለቱን ሊያገባ ነው የመጣው። ከስደት ፍርሃት ጋር የኖረ ሰው ይህን ሁሉ በጭካኔ ሊፈርደው አይችልም። ወረቀት ሳይኖረው ዓመታት የቆየ ሰው ሌሊት ሲያለቅስ ይዞት የሚያድረው የሚረዳውን አምላክ ነው፤ ያ አምላክም እውነተኛ ነው። ችግሩ ወረቀቱ ከመጣም በኋላ፣ ቤቱ ከተገዛም በኋላ ስለ ክርስቶስ ያለን እውቀት ከዚያች ሌሊት ፈቀቅ አለማለቱ ነው። ሰጪ ብቻ ሆኖ የቀረ ክርስቶስ ከእኛ ምንም አይጠይቅም፤ ይህ ደግሞ ጴጥሮስ ሊያቆየው የፈለገው መሲሕ ነው።

ይህን ትዝብት ያጠነከረብኝ አንድ ስብሰባ ነው። ከደቡብ አሜሪካ ተነሥቶ ደኑንና ድንበሩን በእግር ያቋረጠ አንድ ወጣት ወደ አንዲት ቤተ ክርስቲያን መጥቶ ዘመድ እስኪያገኝ በአዳራሹ እንዲያድር ለመነ። ሰበካ ጉባኤው ተሰብስቦ ተወያየ። ክፉ ሰው በመካከላቸው አልነበረም፤ ሁሉም አዝነዋል። አንዱ የሕንፃውን ኢንሹራንስ አነሣ፣ ሌላው የከተማውን ደንብ፣ ሦስተኛው «ለአንዱ ከፈቀድን ነገ ሃያ ይመጣል» አለ። ከዚያ ወደ ሕንፃው ዕዳ ክፍያ ተሻገሩ፤ ለዚያ ዕለቱን ብዙ ሺህ ዶላር ቃል ተገባ። በሩ ላይ ሆነው ሲሰሙ የነበሩ፣ ቡናና ሻይ የሚያዘጋጁ እናት ግን ማንንም ሳያስፈቅዱ ልጁን ወደ ቤታቸው ወሰዱት። የሚኖሩት ከልጃቸው ጋር ባለ አንድ መኝታ አፓርታማ ውስጥ ነው። በመድኃኔ ዓለም ደጅ ያየኋቸውን እናት ሳያውቋቸው እኅታቸው ናቸው።

የቤተ ክርስቲያናችን መከፋፈልም ከዚሁ የራቀ አይደለም። ከ1983 ዓ.ም. የመንግሥት ለውጥ በኋላ ፓትርያርኩ አቡነ መርቆሬዎስ ከመንበራቸው ተነሥተው ከተሰደዱ ወዲህ በሐምሌ 2010 ዓ.ም. እዚሁ ዋሽንግተን ላይ ዕርቅ እስኪወርድ ድረስ በአንድ ከተማ ውስጥ የሀገር ቤቱ ሲኖዶስ፣ የስደተኛው ሲኖዶስና ከሁለቱም ያልወገነው ገለልተኛ እየተባባልን በአንድ መጽሐፍ እየቀደስን ተኮራርፈን ኖርን። ስለ ክርስቶስ ባሕርይ የሚያለያየን አንድም ቃል አልነበረም። አባቶቻችን በ1870 ዓ.ም. በቦሩ ሜዳው የሃይማኖት ጉባኤ ሲከራከሩ ቢያንስ ክርክራቸው ስለ እርሱ ልደት ነበር።

በስደት ያለው ሁሉ ደረቅ ነው ማለትም ስሕተት ነው። የሀገራችን ሴቶች እዚህ በብዛት ከሚሠሩበት ሥራ አንዱ የአረጋውያን መጦሪያ ነው። ከእነርሱ አንዷ የሌሊት ፈረቃዋን ጨርሳ በጸሎተ ሐሙስ ዕለት ቤተ ክርስቲያን ስትደርስ ካህኑ በወይራና በወይን ቅጠል የምእመናኑን እግር እያጠቡ ነበር። ተራዋ ሲደርስ እንደ ሕፃን ተንሰቀሰቀች። ኋላ ምክንያቱን ስጠይቃት ሌሊቱን ሙሉ ያጠበችው የሰው ገላ እንደ ነበረ፣ ከታጠቡት አንዱ ስሟን እንኳ ሳያውቁ በቆዳዋ ቀለም እንደ ሰደቧት፣ እርሷም በሰዓቱ ያሰበችው ደመወዟን ብቻ እንደ ነበረ ነገረችኝ። «ጌታ የይሁዳንም እግር አጥቧል አይደል?» አለችኝ። ከዚያ ወዲህ እኚያን ሽማግሌ ስታጥብ ቀስ ብላ አቡነ ዘበሰማያት ትደግማለች፤ ስድቡ አልቆመም።

በሚያዝያ 2007 ዓ.ም. በሊቢያ አይኤስ የገደላቸውን ወደ ሠላሳ የሚጠጉ ወገኖቻችንን ሳላነሣ ይህን ጽሑፍ መጨረስ አልችልም። ሀገር የሦስት ቀን ኀዘን አወጀች፤ ቤተ ክርስቲያን ሰማዕታት ብላ ተቀበለቻቸው። ወረቀት የሌላቸው፣ የደላላ ዕዳ ያለባቸው፣ ሥራ ፍለጋ በረሃ ያቋረጡ ልጆች ነበሩ፤ ከአዲስ አበባ ቂርቆስ ሰፈር የሄዱም ነበሩባቸው። ክርስቶስ ለእነርሱ ቪዛም ሆነ ቤት አልሰጣቸውም ነበር፤ ግን ማን እንደ ሆነ አንገታቸው ላይ ቢላ ባለበት ሰዓት መልሰዋል። እዚህ በየዓመቱ መታሰቢያቸው ሲደረግ ስብከቱ ስለ ጽናታቸው ነው፤ ሊሆንም ይገባል። የበረሃው መንገዳቸው ግን ሲሰበክ አልሰማሁም፤ ባሕሩን ተሻግረው ቢሆን ኖሮ ማደሪያ ፍለጋ የማንን አዳራሽ ያንኳኩ እንደ ነበርም በጉባኤ ሲነሣ አልሰማሁም።