ማስተካከያ፦ በአሮጌ ማሽን ስለሚደርቅ በቆሎ

ስለ አሮጌ የእህል ማድረቂያዎች ቀደም ሲል በወጣው መረጃ፣ ለዘር የሚቀመጥ በቆሎ «እስከ 110 ዲግሪ» ይችላል የተባለው በፋራናይት ተብሎ ይነበብ። በሴልሺየስ 43 ገደማ ነው። አሜሪካ ሠራሽ የሆኑት የቆዩ ማሽኖች መለኪያቸው ፋራናይት ስለሆነ ልዩነቱ ቀላል አይደለም፤ 110 ሴልሺየስ ዘሩን ይቆላዋል እንጂ አያደርቀውም። ለመኖ የሚውለው ግን የበለጠ ሙቀት ይችላል።

የእርጥበት መጠኑም ይታረም። በዚያው መረጃ የተጠቀሰው 15.5 በመቶ የአሜሪካ ገበያ መለኪያ ነው፤ ለወራት የሚከማች በቆሎ ወደ 13 በመቶ መውረድ አለበት። የእርጥበት መለኪያ የሌለው ገበሬ ፍሬውን ከደረቅ ጨው ጋር በደረቅ ጠርሙስ ከትቶ ይነቅንቅ። ጨው ጠርሙሱ ላይ ከተጣበቀ እርጥበቱ ከ15 በመቶ በላይ ነው፤ አለመጣበቁ ግን 13 ለመድረሱ ማረጋገጫ አይሆንም።