ይድረስ ለክቡር «ሊፍቱ ለጊዜው አይሰራም»

ጉዳዩ፦ ቦታህን እንድትለቅ ስለመጠየቅ

ክቡር ያልኩህ ለደብዳቤው ወግ ነው እንጂ ከዚህ በኋላ አንተ ነው የምልህ። ለገሃር አካባቢ ያ ፎቅ ግራውንዱ ላይ፣ ሊፍቱ በር ላይ ከተለጠፍክ ስንት ጊዜህ ነው? በፊት እኮ ጥግህ የተላጠ ተራ ወረቀት ነበርክ፣ አሁን ሳይህ ላሚኔት ተደርገሃል። «ለጊዜው» የሚል ወረቀት ላሚኔት ያስደረገውን ሰው ባገኘው ቡና እጋብዘው ነበር፣ እንደሱ አቋሙን በግልጽ የሚያሳውቅ ሃላፊ የት ይገኛል።

እኔ ጉልበቴ ደህና ነው፣ እየተነጫነጭኩም ቢሆን እወጣዋለሁ። የጻፍኩልህ ስለ ሰፈራችን ሃምሳለቃ ነው። ሃምሳለቃ ካራማራ ነበሩ፣ የካቲት 1970፣ የዚያድ ባሬ ጦር ከጅጅጋ የተባረረ ጊዜ ማለት ነው፣ ግራ እግራቸውን እዛው ትተው ነው የመጡት። አሁን በክራንችና በሰው ሰራሽ እግር ነው የሚንቀሳቀሱት፣ ሰው ሰራሿ ደግሞ ሜዳ ላይ እሺ ትላለች ደረጃ ስታይ ግን ታምጻለች። ጡረታቸው እንዲቀጥል በህይወት መኖራቸውን ቀርበው ማሳየት አለባቸው ተባለ፣ የሚያሳዩት ደግሞ አራተኛ ፎቅ። ልጃቸው ውክልና ይዛ ብትሄድ «ባለጉዳዩ ራሳቸው ይምጡ»፣ ፎቶ ብታሳይ አይሆንም፣ ቪዲዮ ኮል ላድርግ ብትል አይሆንም። እና ሰውየው ግራውንድ ላይ ቆመው ላባቸውን እየጠረጉ በህይወት መኖራቸው ገና አልተረጋገጠም፣ አራተኛ ሲደርሱ ነው የሚኖሩት፣ ከደረሱ።

በሩ ላይ ያለው ጥበቃም እኮ የድሮ ወታደር ነው። በ1983 የደርግ ሠራዊት ሲበተን ከ400 ሺህ በላይ ሰው ነው ወደየቤትህ የተባለው፣ ስንቱ ነው የሰው ህንጻ በር እየጠበቀ ያረጀው። ሃምሳለቃን ሲያይ ተረከዙን ገጭ አድርጎ ሰላምታ ይሰጣቸዋል፣ እሳቸውም ክራንቻቸውን ወደ ግራ እጅ አዛውረው ቀጥ ብለው ይመልሳሉ፣ ከዛ ጥበቃው አንገቱን ደፍቶ በአገጩ አንተን ይጠቁማቸዋል። ሁለት ሽማግሌ ወታደር አንድ ወረቀት ፊት ቆመው ምን እንደሚያደርጉ ጨነቃቸው።

ይሄ ሁሉ የሚሆነው ትግላችን ሐውልት እዚሁ ቸርችል ላይ ቆሞ ነው። በየዓመቱ የካቲት 26 ጉንጉን አበባ ይቀመጣል፣ ከኛ ጋር የሞቱት ኩባዎችም ፎቶ እዛው አለ፣ ንግግሩ አይጠየቅ፣ ሃምሳለቃም ኒሻናቸውን ደርድረው ይሄዳሉ «ውለታችሁን አንረሳም» ይባላሉ፣ ፌስቡክ ላይም ያቺን ቀን ካራማራ ያልዘመተ ሰው የለም። በነጋታው ግን አንተ ጋ ነው የሚመጡት፣ አንተ ደግሞ ፌስቡክ የለህም።

የህንጻ አዋጅ ቁጥር 624/2001ስ ሰምተህ ታውቃለህ? የህዝብ መገልገያ ህንጻ በዊልቸር ለሚሄድም ደረጃ መውጣት ለማይችልም ሰው መግቢያ ይኑረው ብሎ ደንግጓል። 2001 ዓ.ም. የወጣ ነው፣ ምናልባት እሱም በደረጃ እየወጣ ይሆናል፣ አራተኛ ፎቅ ገና አልደረሰም።

ተበላሽቶ ነው እንዳትለኝ ደግሞ። ያለፈው ሰሞን እንግዶች ይመጣሉ ተብሎ በጠዋት ተነሳህ፣ ሊፍቱ ሽው እያለ ሲወጣ ሲወርድ አረፈደ። ለሃምሳለቃ ተደወለላቸው፣ ኧረ ዛሬ ይሰራል ይድረሱ ተባሉ፣ እሳቸው የታክሲ ሰልፍ ላይ እያሉ እንግዶቹ ሄዱ፣ አንተ ቀድመሃቸው ቦታህ ላይ ተገኘህ።

ስለዚህ ወይ ውረድ፣ ካልሆነ ማህተም የያዘችው ልጅ ለአምስት ደቂቃ ትውረድ። ማህተም እኮ ኪስ ይገባል፣ ሰውየውን ታያቸው፣ አሉ ትበል፣ ትምታ፣ አለቀ። ሻይ ልትጠጣ ያው ትወርድ የለ፣ ካፌው ግራውንድ ላይ ነው። ሃምሳለቃ የጥበቃው ወንበር ላይ አረፍ ብለው ይጠብቋታል።

ከሰላምታ ጋር (ወታደራዊው ሰላምታ ግን ላንተ አይደለም)

ግልባጭ፦
ለህንጻው ማኔጅመንት
ለጄኔሬተሩ (ናፍጣ ካለው)
ለጥበቃው (በቃል ይነገረው፣ ወረቀት ሰልችቶታል)