መሬቱን የሚመርቁልን ሰዎች

የአዲስ አበባን የቤት ደላላ የሚያሙ ሰዎች ይገርሙኛል። በዚህች ከተማ ሕገ መንግሥቱን እንደሱ አክብሮ የሚያድር ማን አለ? የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 መሬት አይሸጥም፣ አይለወጥም ይላል። ደላላችንም መሬት ሸጦ አያውቅም፤ ያስጠላዋል። ከአራት ኪሎ ወረድ ብሎ ግድግዳው ያበጠ፣ ቆርቆሮው የዛገ ጭቃ ቤት ያሳይሃል። ዋጋው በአሥር ሚሊዮኖች ነው። ለጭቃው ነው እንግዲህ! መሬቱን ይመርቅልሃል። “ኧረ ጌታዬ፣ ይሄ ጎጆ ይሄን ያህል?” ስትለው “ካሬውን አላየኸውም እንዴ?” ይልሃል፤ ወዲያው አንቀጽ 40 ትዝ ይለዋል መሰለኝ፣ “ቤቱም ቢሆን ትንሽ ቀለም ነው የሚፈልገው” ብሎ ያርማል።

ርቀት ላይ ያለውን ችሎታ አልዘረዝርም። “ከአስፋልት ገባ ብሎ ነው” ካለህ ጫማህን አጥብቀህ እሰር፣ በቃ።

የሚያስቀናኝ ግን የሻጮቹ ዕድል ነው። ሁሉም ውጭ አገር ሊሄዱ ነው! “ባለቤቷ ሰሞኑን አሜሪካ ስለምትሄድ ነው እንጂ በዚህ ዋጋ አትሸጠውም ነበር” ይልሃል። ቤቱ ክረምትና በጋ ሲፈራረቅበት ሴትየዋ ሰሞኑን እየሄደች ናት። ዋጋው ግን አይጠብቃትም፤ እሱ በየወሩ ይበራል።

የከተማ ፕላንም ከሱ በላይ የሚያውቅ የለም። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ ኮሪደር ልማቱ ፒያሳንና ካዛንቺስን ሲያፈርስ ስንቱ ተደናገጠ። ደላላችን ግን ተረጋግቶ “ይሄኛው ከልማት ነጻ ነው” ይላል። ማን ነገረህ አይባልም። ሰፈሩ ከፈረሰማ የባሰ ደስ ይለዋል፤ “አየህ፣ አሁን መንገድ ዳር ሆነልህ!”

ወደ ዋናው ጥበብ ልምጣ። ቤቱ ሁለት ዋጋ አለው። አንዱ ውል ማዋዋያ ጽሕፈት ቤት የሚሄደው ነው፤ ጨዋ፣ ቁጥብ፣ ዓይን አፋር ዋጋ። ሌላው በባንክና በፌስታል የሚዞረው ነው። በተጻፈው ላይ መንግሥት 2 በመቶ የቴምብር ቀረጥ ይፈልጋል፤ ዋጋው የሚያፍረውም ለዚሁ ነው። ገዢውም፣ ሻጩም፣ ምስክሩም ዓይናቸውን ሳያሹ ይፈርማሉ። ነገ ውሉ ቢፈርስና ገዢው “ከዚህ በላይ ነው የከፈልኩት” ብሎ ፍርድ ቤት ቢቆም ደግሞ፣ በእጁ ያለው ያው የራሱ ፊርማ ያረፈበት ዓይን አፋር ወረቀት ነው። ደላላው ያን ጊዜ ስልኩ አይሠራም፤ ምናልባት እሱም አሜሪካ ሄዶ ይሆናል።

እንዲያው ግን ፍትሐዊ እንሁን፤ በዚህ ሁሉ መሀል እውነተኛውን ዋጋ ሳይፈራ የሚጠራ አንድ ሰው አለ። ደላላው! ኮሚሽኑን ሲያሰላ አንዲት ብር አትጠፋውም። ከሻጭ 2 በመቶ፣ ከገዢ 2 በመቶ፣ በፌስታሉ ዋጋ ነው የሚያስበው። ገንዘቡ ሲቆጠር ደግሞ ቤቱን ሲያሳዩህ ያላየሃቸው አራት አምስት ሰዎች ከየት እንደመጡ ሳታውቅ ከበውህ፣ “ያገናኘሁት እኔ ነኝ” ይሉሃል።