ሽንኩርት አብቃዩ አጎቴ

አጎቴ መራዊ አጠገብ በቆጋ መስኖ ቀይ ሽንኩርት ያለማል። ግድቡ 7,000 ሄክታር ገደማ እንዲያጠጣ የተሠራ ነው። ውሃ አለ፣ ጉልበት አለ። ዋጋ ግን የለም! ሁሉም በአንድ ሰሞን ይተክላል፣ በአንድ ሰሞን ይነቅላል። ሽንኩርት ደግሞ እንደ ጤፍ ጎተራ ገብቶ ዋጋ አይጠብቅም፤ ይበሰብሳል። ደላላው ይህን አሳምሮ ያውቃል። ማሳው ዳር ቆሞ "ካልፈለግህ ተወው" ይለዋል። የማዳበሪያ ዕዳ ያለበት ሰው ምን ይበል? ያንኑ ሽንኩርት 40 ኪሎ ሜትር እንኳ በማይርቀው ባሕር ዳር በእጥፍ ገዛሁት። አንጀቴ አረረ። ከዚያ "ገበሬው ማሳውን ለምን ባሕር ዛፍ ያለብሰዋል?" እንላለን። ባሕር ዛፍ እኮ አይበሰብስም፤ ደህና ገዢ እስኪመጣ ቆሞ ይጠብቃል! እኛ ከተሜዎቹስ፣ ተሰባስበን ከራሱ ከገበሬው እጅ ብንገዛ ምን አለበት?