ሳጥኑን አትግዙ

ወገኖቼ፣ «ስካይ ካስል» የተባለውን የኮሪያ ድራማ አይታችሁ የጨረሳችሁ ወላጆችና ተማሪዎች፣ ከዚያ ድራማ ይዛችሁ የወጣችሁት ነገር የተገለበጠ ስለሆነ ነው ዛሬ የምገሥጻችሁ። ተማሪዋ ዬ-ሶ በር ባላት ጠባብ የእንጨት ሳጥን ውስጥ ተዘግታ የምታጠናበትን ትዕይንት ቆርጣችሁ፣ «ኮሪያዎች እንዲህ ነው የሚያጠኑት፤ አንተ ግን ስልክህን ትነካካለህ» እያላችሁ ለልጆቻችሁ በቴሌግራም ትልካላችሁ። ድራማው የኮነነውን ነገር እናንተ አርአያ አደረጋችሁት።

ኮሪያውያን ራሳቸውም በዚሁ ተሰናክለዋል። እንደ ፈረንጆቹ ከኅዳር 2018 እስከ የካቲት 2019 በ20 ክፍል የተላለፈው ይህ ድራማ በ1.7 በመቶ ተመልካች ጀምሮ በመጨረሻው ምሽት ወደ 24 በመቶ ሲጠጋ፣ ያቺ የጥናት ሳጥን «የዬ-ሶ ጠረጴዛ» ተብላ ከ2 ሚሊዮን ዎን በላይ እየተከፈለባት ተሸጠች። ልጅ የምታፍን ሳጥን ናት ተብሎ ሲነገራቸው፣ ሳጥኗን ገዝተው ቤታቸው አስገቧት። እናንተም በዚያው መንገድ አትሂዱ።

እስቲ ታሪኩን እንደገና ተመልከቱት። ስካይ የሚለው ቃል የሴኡል ብሔራዊ፣ የኮሪያና የዮንሴ ዩኒቨርሲቲዎች የእንግሊዝኛ ስም መነሻ ፊደላት ነው። በመጀመሪያው ክፍል አንዱ ልጅ ሴኡል ብሔራዊ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ይገባል፣ ሰፈሩ ሁሉ እናቱን ያመሰግናል፣ ክፍሉ ሳያልቅ እናቲቱ በገዛ እጇ ትሞታለች። ለምን? ልጁ ያጠናው ሊበቀላት ነበር። የምትፈልገውን ወረቀት አስታቅፏት ከዚያ በኋላ ልጅሽ አይደለሁም ሊላት። በታብሌቱ ላይ የከተበውን ማስታወሻ ያነበበች ሃን ሶ-ጂን ግን ልጁን ለዩኒቨርሲቲ ያበቃችውን ያችኑ የጥናት አማካሪ ለራሷ ልጅ ለዬ-ሶ ትቀጥራለች። የጎረቤቷን መቃብር አይታ «የኔ ልጅ እንደሱ አይሆንም» አለች። ይህን ዓረፍተ ነገር ስንቶቻችሁ በየቤታችሁ ትሉታላችሁ?

አማካሪዋ ለዬ-ሶ ያስገኘችላት ትልቁ ነገር የተሰረቀ የትምህርት ቤት ፈተና ነው። የማትሪኩ ዓይነት አገር አቀፍ ፈተና እያለ የክፍል ፈተና ለምን ይሰረቃል ለምትሉ፣ የሒሳቡ ነገር እንዲህ ነው። ድራማው በወጣበት ዘመን ኮሪያ ውስጥ ከአሥር ተማሪ ሰባት ያህሉ ዩኒቨርሲቲ የሚገባው ከኅዳሩ «ሱኑንግ» አገር አቀፍ ፈተና በፊት በሚቀርብ ማመልከቻ ነበር፤ በዚያ መንገድ የሚመዘነው በዋናነት የትምህርት ቤት ውጤትና መዝገብ ነው። ያኔ ውጤቱ ይሰጥ የነበረው ተማሪው ባገኘው ነጥብ ልክ ሳይሆን ከጓደኞቹ ጋር ተወዳድሮ በዘጠኝ ደረጃ ሲሆን፣ አንደኛ ደረጃ ያገኝ የነበረው ከላይ 4 በመቶው ብቻ ነው። አንድን ትምህርት 300 ተማሪ ከወሰደው 12ቱ አንደኛ ደረጃ ይሆኑ ነበር፤ 13ኛው ሁለተኛ ነው። በ12ኛውና በ13ኛው መካከል አንዲት ጥያቄ ልትኖር ትችላለች። ስለዚህ የክፍል ጓደኛ በየፈተናው የሚያልፉት ባላንጣ ይሆን ነበር፤ አንድ የተሰረቀ ወረቀትም የማይታመን ዋጋ ያወጣ ነበር።

ወረቀቱ በተሰረቀ ጊዜ የሚሆነውን ለማወቅ ደግሞ ድራማ አያስፈልግም። በዚያው በ2018 በሴኡል ጋንግናም በሚገኝ የሴቶች ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አንድ የትምህርት ክፍል ኃላፊ ለመንታ ሴት ልጆቹ የፈተና መልስ አሳልፎ መስጠቱ ተጋለጠ። በመጀመሪያው ሴሚስተር አንዷ 121ኛ፣ ሌላዋ 59ኛ ነበሩ። በቀጣዩ ዓመት አንዷ በማኅበራዊ፣ ሌላዋ በተፈጥሮ ሳይንስ አንደኛ ወጡ። ወላጆች ተጠራጠሩ፣ ፖሊስ ገባ። የተገኘውን ልብ በሉ፦ በፈተና ወረቀታቸው ላይ እንደ አጤሬራ በጥቃቅን ፊደል የተጻፈ የመልስ ዝርዝር ነበር፤ ስሌት በሚጠይቁ የፊዚክስ ጥያቄዎች ላይ ግን ስሌቱ የለም፣ መልሱ ብቻ ነው ያለው። ከሁሉ የከፋው የኬሚስትሪው ነው። አውጪው መምህር በመጀመሪያ በስሕተት መልሱን 10፡11 ብሎ አስፍሮ፣ ኋላ ላይ 15፡11 ብሎ አርሞታል። ከመንታዎቹ አንዷ የጻፈችው 10፡11 ነበር። ያንን ቁጥር ከራሷ ጭንቅላት ማውጣት አትችልም፤ የተሰረቀው የመልስ ወረቀት ብቻ ነው ሊሰጣት የሚችለው። ልጆቹ ከትምህርት ቤቱ ተባረሩ፣ ውጤታቸው ዜሮ ሆነ፣ አባትየው በይግባኝ 3 ዓመት ታሰረ። ከዚህ ሁሉ በኋላ ግን የሚያሳዝነኝ ሌላ ነው፤ 59ኛ የወጣችው ልጅ ጎበዝ ተማሪ ነበረች።

ወደ ድራማው ልመልሳችሁና ብዙዎቻችሁ ሳቅ ብላችሁ ያለፋችሁትን ላሳያችሁ። የዬ-ሶ ታናሽ ዬ-ቢን ከሱቅ ብስኩትና ከረሜላ ትሰርቃለች። እናቷ ታውቃለች። ለባለሱቁ አስቀድማ ገንዘብ ከፍላ፣ ልጅቷ የጥናት ጭንቀቷን ትወጣበት ብላ ዝም ትላለች። እኛ አገር ሊሰቀል የወጣ ሌባ እናቱን «ምነው በእንቁላሉ በቀጣሽኝ» አላት ይባላል። ሶ-ጂን እንቁላሉን ገዝታ ለሌባው ያቀረበች እናት ናት። ታላቂቱ የተሰረቀ ፈተና ተቀብላ ስትሠራ፣ ያን ቤት የሚያውቅ ሰው ለምን ይደነግጣል? የዬ-ሶ ተፎካካሪ የነበረችው ድኻዋ ተማሪ ሄ-ናም ምስጢሩን ስትደርስበት ወደ ትምህርት ቤቱ አልሄደችም፤ ማስረጃውን ይዛ አማካሪዋን አስፈራርታ ተደራደረች፣ ከሰገነት ወድቃም ሞተች። በእሷ ሞት ንጹሕ ልጅ ታስሮ ሳለ ሶ-ጂን እውነቱን እያወቀች ስንት ቀን ዝም አለች? ልጄ ውጤቷ ዜሮ ይሆናል ብላ።

አሁን ወደ ራሳችን። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ስርቆቱን ለማስቀረት ወደ ዩኒቨርሲቲ ግቢዎች ሲወሰድ፣ ከተፈተኑት 896,520 ተማሪዎች 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 29,909 ብቻ ነበሩ፤ 3.3 በመቶ። ይህ ቁጥር ሊያስለቅሰን ሲገባ፣ አንዳንዶቻችሁ «መልስ አለ» የሚል የቴሌግራም ቻናል ፍለጋ ገባችሁ። ማታለያውን እወቁት። ሻጩ ጠዋት አንድ ተራ ጽሑፍ ይለጥፋል። ፈተናው አልቆ ጥያቄው ሲወጣ ያንኑ ጽሑፍ አርሞ መልሱን ይከትበታል። የሚታያችሁ ሰዓት የጠዋቱ ነው፤ አጠገቡ «ተስተካክሏል» የምትለውን ትንሽ ቃል ማንም አያያትም። ከዚያ ያንን ማስረጃ አድርጎ የነገውን ፈተና ይሸጥላችኋል፣ ብሩን ተቀብሎ ያግዳችኋል። ለልጃችሁ ያንን ብር የከፈላችሁ ወላጆች፣ ብሩ መበላቱ ቀላሉ ነው። ልጁ ፈተናው ዋዜማ ሌሊቱን ሙሉ የሐሰት መልስ ሲሸመድድ አድሮ፣ ጠዋት ያነበበውን እንኳ ሳያስታውስ ይገባል።

ድራማውን አትዩ አልልም። ከልጃችሁ ጋር ተቀምጣችሁ እዩት፤ ዬ-ቢን ሱቅ ውስጥ ስትገባ አቁሙትና «እናቷ ምን ማድረግ ነበረባት?» በሉት፤ ሳታቋርጡ ስሙት። ካርዱ ሲመጣ ስንተኛ ወጣህ ከማለታችሁ በፊት የተሳሳተበትን ወረቀት አስመጡና አንዱን ጥያቄ እፊታችሁ ስሌቱን እየጻፈ ይሥራው። ስሌቱ የት ላይ እንደተሰበረ ካያችሁ አስጠኚ መቅጠርም ቢያስፈልግ ለምን እንደምትቀጥሩ ታውቃላችሁ። ለመምህሩ ደውላችሁ «እባክህ ውጤቱን ትንሽ ከፍ አድርግልኝ» ያላችሁም ነገ ተመልሳችሁ ደውሉ፤ የትኛው ምዕራፍ እንዳልገባው ጠይቁት።