«እንግሊዝኛ ይበቃሃል» ያላችሁን ሰው አምጡልኝ

ኧረ ተዉ ወገን! ጃፓን ለማስተርስ የሚሄድ ልጅ በተገኘ ቁጥር «ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ነው፣ ምን ችግር አለው፣ ስትጨርስ እዚያው ሥራ ትይዛለህ» እያሉ መሸኘት ይብቃ። ትምህርቱስ እውነት ነው፣ በእንግሊዝኛ ነው። ቅጥሩ ግን በአብዛኛው ኩባንያ ከማመልከቻው እስከ መጨረሻው ቃለ መጠይቅ በጃፓንኛ ነው። እንደ ኢንተርኔት ገበያው ኩባንያ ራኩተን የሥራ ቋንቋቸውን እንግሊዝኛ ያደረጉት ጥቂት ናቸው፤ እነሱ በር ላይ ደግሞ የዓለም ሕዝብ ተሰልፏል። ተማሪ ሲመለምሉ ብሮሹራቸውን በእንግሊዝኛ የሚያሳምሩ ዩኒቨርሲቲዎችም አሉ፤ የቅጥር ገለጻው ላይ ሲደርሱ ወደ ጃፓንኛ ይዞራሉ፣ ያውም ገለጻ መኖሩን የሚናገረው ኢሜይል ራሱ በጃፓንኛ ነው።

ከሁሉ የሚያንገበግበው የጊዜ ሰሌዳው ነው። እኛ አገር ሰው ይመረቃል፣ ዲግሪውን ኮፒ ያደርጋል፣ ከዚያ ክፍት የሥራ ቦታ ያሳድዳል። የጃፓን ትልልቅ ኩባንያዎች አዲስ ምሩቅ የሚቀጥሩት በጅምላ ነው፤ ሁሉም ኤፕሪል 1 ሥራ ይገባል። ሹካትሱ የሚሉት የሥራ ፍለጋ ሩጫ የሚጀመረው ከዚያ ቀን ሁለት ዓመት ገደማ ቀደም ብሎ ነው።

በፈረንጅ ቆጥረን፣ ኤፕሪል 2026 ማስተርስ የጀመረ ልጅ እንውሰድ። የሚመረቀው ማርች 2028 ነው። የመንግሥት መመሪያ እንደሚለው ኩባንያዎች የቅጥር መረጃ የሚለቁት ማርች 1 ቀን 2027፣ ምርጫ የሚጀምሩት ጁን 1፣ መደበኛውን የቅጥር ቃል የሚሰጡት ኦክቶበር 1 ነው። ወረቀት ላይ እንዲህ ነው። በተግባር የኦገስት ኢንተርንሺፕ ማመልከቻ ማይናቢና ሪኩናቢ በሚባሉት የሥራ ድረ ገጾች ላይ የሚከፈተው ሜይና ጁን 2026 ላይ ነው፤ ልጁ ገና በሰፈሩ ቆሻሻ የሚወጣበትን ቀን እንኳ ሳይለይ! በ2025 ከተመረቁት ጀምሮ ደግሞ ኩባንያዎቹ አምስት ቀንና ከዚያ በላይ የሚቆይ፣ መስፈርቱን ያሟላ ኢንተርንሺፕ ላይ ያዩትን ለምርጫ እንዲጠቀሙበት ተፈቅዷል። ስለዚህ ጁን 1 ሲመጣ ብዙ ወንበር ተይዟል። ማስተርሱን በኦክቶበር የጀመረው ደግሞ የባሰ ነው። እሱ ሲደርስ የዚያ ዓመቱ የኦገስት ኢንተርንሺፕ አልፏል፤ ሴፕቴምበር ተመርቆ ኩባንያው በኦክቶበር የማይቀበል ከሆነ እስከ ኤፕሪል ስድስት ወር ይንጠለጠላል።

ጃፓንኛውንም በዚሁ ልክ ወደ ኋላ ቁጠሩ። ጄኤልፒቲ የሚባለው የጃፓንኛ ችሎታ ፈተና ጃፓን ውስጥ በዓመት ሁለቴ፣ ጁላይና ዲሴምበር ነው። ማርች ላይ ማመልከቻው ውስጥ ኤን2 (ከላይ ሁለተኛውን ደረጃ) ለመጻፍ የዲሴምበሩን መፈተን አለባችሁ፤ ለእሱ የምትመዘገቡት ኦገስትና ሴፕቴምበር አካባቢ ነው። ያ ፈተና ደግሞ መናገርም መጻፍም የለበትም። ኤን2 ይዞ ቃለ መጠይቅ ላይ አፉ የሚተሳሰር ሰው የሚበዛው ለዚህ ነው።

አሁን ወደ ማመልከቻው። ኢንትሪ ሺት ይሉታል። ብዙ ጊዜ ሦስት ነገር ይጠይቃል፦ ራስህን አስተዋውቅ፣ በተማሪነትህ በጣም የደከምክበት ነገር ምንድን ነው፣ ለምን የእኛን ኩባንያ መረጥክ። ለእያንዳንዱ ከ200 እስከ 400 ፊደል ይሰጣችኋል፤ ሳጥኑን ቢያንስ ሰማንያ በመቶ ሙሉት፣ ግማሹን ባዶ መተው እንደ ግዴለሽነት ይቆጠራል። ሁለተኛው ላይ የእኛ ሰው «ጂፒኤዬ 3.9 ነው» ይልና ያርፋል። ጠያቂው የፈለገው ሌላ ነው፤ ምን እንቅፋት ገጠመህ፣ ለምን ያን መፍትሔ መረጥክ፣ ከሌሎች ጋር እንዴት ሠራህ፣ ምን ተለወጠ። የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ላይ ፍሬ ነገሩን አስቀምጡ፣ ታሪኩ ይከተላል። እኛ ከሰላምታ ጀምረን ዞር ዞር ብለን ስንደርስ ፊደሉ ያልቃል።

ሦስተኛው ላይ ደግሞ ብሶት አለኝ። የጃፓን መንግሥት ስኮላርሺፕ ያገኘ ልጅ ድርሰቱን አልቅሶ ነው የጻፈው፤ «ተምሬ ተመልሼ አገሬን ላገለግል» ብሎ። ያ ድርሰት ስኮላርሺፑን አስገኝቶለታል፣ ስለዚህ አስተካክሎ ለኩባንያ ይልከዋል። የስኮላርሺፕ ኮሚቴን ያስደሰተው ዓረፍተ ነገር የቅጥር ክፍሉን ሰው ያስደነግጠዋል! ኩባንያው አዲስ ምሩቅ ሲቀጥር ለዓመታት ሊያሠለጥነው ነው፤ «ቴክኖሎጂ ቀስሜ ልሂድ» የሚለውን ሲያነብ የሚታየው ሻንጣ ነው። ስለ ኢትዮጵያ መጻፍ ክልክል አይደለም። ኩባንያው አፍሪካ ውስጥ የሚሸጠው ነገር ካለ፣ እሱን ከዋናው መሥሪያ ቤት ሆናችሁ እንዴት እንደምታሳድጉት ጻፉ። «የጃፓንን ባህል እወዳለሁ» የሚለውንም ተዉት፣ ለተፎካካሪውም ያው ይሠራል።

ቅጹ ራሱ ያናድዳል። የቤተሰብ ስምና የግል ስም ለየብቻ፣ የውጭ ስም በሚጻፍበት የጃፓን ፊደል፣ በካታካና ሙላ ይላል። እኛ የቤተሰብ ስም የት አለን? በመኖሪያ ካርዳችሁ ላይ ያለውን ቅደም ተከተል ሳትነኩ ተከተሉ፣ የካታካና አጻጻፉንም አንዴ ወስናችሁ በሁሉም ቦታ አንድ አድርጉት። ጸጋዬ የሚባል ሰው በካታካና ሦስት ዓይነት ሊጻፍ ይችላል፤ የቅጥር ፈተና የሚሰጥበት ጣቢያ ደግሞ ምዝገባችሁን ከመታወቂያ ጋር ያመሳክራል። ፎቶው ቁመቱ 4፣ ስፋቱ 3 ሳንቲ ሜትር፣ በሦስት ወር ውስጥ የተነሣ፣ በሱፍ። ከአገር ቤት ያመጣችሁት የፓስፖርት ፎቶ አይሆንም።

ኩባንያዎቹ የሚሰጡት የቅጥር ፈተና ላይ የኢንጂነሪንግ ማስተርስ ተማሪ ሲወድቅ ሰው ይገርመዋል። ኤስፒአይ የሚባለው በፈተና ጣቢያ ሲሰጥ የችሎታው ክፍል 35 ደቂቃ ነው። ሒሳቡ ስለ ትርፍና ኪሳራ፣ ፍጥነት፣ ፐርሰንት ነው፤ ስምንተኛ ክፍል የተማርነው። ጥያቄውን በጃፓንኛ አንብባችሁ ሳትጨርሱ ግን ሰዓቱ ይዘጋባችኋል። ጣቢያው ውስጥ ካልኩሌተር የለም፣ ወረቀትና እርሳስ ይሰጣችኋል። ታማቴባኮ የሚባለው ሌላው ፈተና ከቤት ሆኖ የሚሠራ ነው፣ ካልኩሌተር ይፈቀዳል። ከእሱ ውስጥ ባዶ ቦታውን ሙላ የሚለው የአራቱ ስሌት ክፍል 50 ጥያቄ በ9 ደቂቃ ነው፤ ለአንዱ 11 ሰከንድ እንኳ አይሞላም። ግን ቁጥር ብቻ ስለሆነ ለእኛ ከሁሉ የሚሻለው እሱ ነው። የስልክ ካልኩሌተር ያዘገያል፣ ቁልፉ ትልልቅ የሆነ የጠረጴዛ ግዙ። ማንበብ ያለበትን ክፍል ደግሞ በየቀኑ ሰዓት ይዛችሁ ተለማመዱ፣ ሌላ ብልሃት የለውም።

የቃለ መጠይቁን ሥርዓት ማለትም በር ሦስት ጊዜ ማንኳኳት፣ ተቀመጡ ሳይባል አለመቀመጥ፣ ማጎንበሱን፣ ዩቲዩብ ያሳያችኋል፤ በአንድ ቅዳሜ ይለመዳል። ስትወድቁ የሚመጣው ኢሜይል መጨረሻው ላይ ለወደፊት ስኬታችሁ እንደሚጸልዩ ይገልጻል። የሚጸልይልን ሰው መቼ አነሰን!

ሳይቀጠር ለሚመረቀው ደግሞ ይህን ንገሩልኝ። ተማሪ ቪዛውን ሥራ መፈለጊያ ወደሆነው ቪዛ መቀየር ይቻላል፤ ስድስት ወር ይሰጣል፣ አንዴ ይታደሳል፣ ጠቅላላው አንድ ዓመት። ለዚያ የዩኒቨርሲቲው የድጋፍ ደብዳቤ ያስፈልጋል፣ ደብዳቤውን የሚሰጡትም ከመመረቁ በፊት ሥራ ሲፈልግ እንደነበር ማስረጃ ላሳየ ነው። ስለዚህ ያመለከታችሁበትን ሁሉ፣ የጸሎቱን ኢሜይል ጨምሮ፣ አትሰርዙ። በተማሪነቱ የነበረው በሳምንት 28 ሰዓት የመሥራት ፈቃድም አብሮ አይተላለፍም፣ እንደገና ይጠየቃል። ቶክዮ ያላችሁ ዮትሱያ ሄዳችሁ የውጭ አገር ሰዎች የሥራ ቅጥር አገልግሎት ማዕከልን ጠይቁ፤ የመንግሥት ነው፣ ገንዘብ አይጠይቅም።