የበዓላቱ ስም ከነስሌቱ ይነገር

በ2020 ዓ.ም. ገና የሚውለው ታኅሣሥ 28 ነው። በ2016 ዓ.ም.ም እንዲሁ ነበር። በአራቱ ወንጌላውያን ስም በየተራ ከሚጠሩት ዓመታት አራተኛው፣ ዘመነ ዮሐንስ፣ በገባ ቁጥር «ቀኑን ማን ቀየረው?» የሚል ክርክር ይነሣል፤ አንዳንዱ ካላንደርና የስልክ መተግበሪያም በልማድ 29ን ያቀላዋል። ቀኑን የቀየረ የለም። ቤተ ክርስቲያን ልደትን የምትቆጥረው ከብሥራት ተነሥታ ነው። መልአኩ ድንግል ማርያምን ካበሠረበት ከመጋቢት 29 እስከ ልደት 9 ወር ከ5 ቀን፣ ማለትም 275 ቀን አለ። ከዮሐንስ በፊት ባለው በዘመነ ሉቃስ መጨረሻ ጳጉሜን 6 ስትሆን በመካከል አንድ ቀን ይጨመራል፤ ስለዚህ 275ኛው ቀን ታኅሣሥ 28 ላይ ይወድቃል። ፅንሱና ልደቱ በስሌት የተሳሰሩ ናቸው፤ ቀኑን 29 ላይ ቸንክረን ብንተወው 276 ይሆናል።

የፈረንጆቹ ታኅሣሥ 25 እና የእኛ ገና የሚጣሉ የሚመስላቸውም ብዙ ናቸው። በአሮጌው በዩልዮስ አቆጣጠር ታኅሣሥ 25 ማለት የእኛው የልደት ቀን ነው። ምዕራባውያን አቆጣጠራቸውን ከ1582 ጀምረው ስላረሙ ዛሬ በመካከል የ13 ቀን ልዩነት አለ፤ እነሱ ጥር 7 የሚሉት ከዚህ መጣ። ይህም ቢሆን ቋሚ አይደለም፤ እ.ኤ.አ. ከ2101 ጀምሮ በእነሱ ቁጥር ጥር 8 ይሆናል። «ገና ምንጊዜም ጥር 7 ነው» ብሎ ማስተማር ስለዚህ ስሕተት ነው።

የእኔ ጥያቄ ቀላል ነው፤ የበዓሉን ስም የሚያስተምር ትምህርት ቤትም ሆነ የሚያስተላልፍ መገናኛ ብዙኃን ስሌቱንና ምክንያቱን አብሮ ይንገር። ስሙን ብቻ ይዞ የሚያድግ ልጅ በዓሉ ለምን በዚያ ቀን እንደዋለ ሲጠየቅ የሚመልሰው የለውም።

ዋናው የአጽዋማትና የበዓላት ቀን የሚወጣበት ስሌት፣ ባሕረ ሐሳብ፣ ነው። ሲወርድ ሲዋረድ የመጣው ትውፊት ለእስክንድርያው 12ኛ ፓትርያርክ ለቅዱስ ድሜጥሮስ ይሰጠዋል። ብዙ ሰው የሊቃውንት ምሥጢር አድርጎ ይፈራዋል እንጂ መደመር፣ ማባዛትና ማካፈል ለሚችል ሰው የሚከብድ አይደለም። 2019 ዓ.ም.ን እንውሰድ። 5500 ሲደመርበት ዓመተ ዓለሙ፣ ማለትም ከፍጥረት ጀምሮ የሚቆጠረው ዘመን፣ 7519 ይሆናል። ለ19 ሲካፈል 14 ይተርፋል፤ ከዚህ ላይ «አሐደ አዕትት ለዘመን» ተብሎ አንድ ይቀነሳል፤ የቀረው 13 ወንበር ይባላል። 13 በ11 ተባዝቶ ለ30 ሲካፈል የሚተርፈው 23 አበቅቴ ነው። 13 በ19 ተባዝቶ ለ30 ሲካፈል የሚተርፈው 7 ደግሞ መጥቅዕ ነው። አበቅቴና መጥቅዕ ሲደመሩ ምንጊዜም 30 መሆን አለባቸው፤ ካልሆኑ ከዚያ በላይ መሄድ ዋጋ የለውም፤ ወደ ኋላ ተመልሶ ማባዛቱን መፈተሽ ነው።

መጥቅዕ ከ14 በላይ ሲሆን በዓለ መጥቅዕ በመስከረም፣ ከ14 በታች ሲሆን በጥቅምት ይውላል። (14 ራሱ መጥቅዕ ሆኖ አይወጣም፤ ወንበሩ አልቦ፣ ማለትም ዜሮ፣ ሲሆን ደግሞ መጥቅዑ 30 ነው።) ስለዚህ በ2019 በዓሉ ጥቅምት 7፣ ቅዳሜ ቀን ነው። የዕለት ተውሳክ፣ ማለትም በዓለ መጥቅዕ ለዋለበት ዕለት የሚደመረው ቁጥር፣ ከእሑድ ጀምሮ ሲቆጠር 7፣ 6፣ 5፣ 4፣ 3፣ 2 እያለ ዓርብ ላይ ይደርሳል፤ የቅዳሜ 8 ነው። ጀማሪ ሁሉ የሚሰናከለው እዚህ ላይ ነው፤ ቁልቁል መቁጠሩን ቀጥሎ ለቅዳሜ 1 ይሰጣል፤ ጾሙም በአንድ ሳምንት ቀድሞ ይወጣል። 7 ሲደመር 8፣ የነነዌን ቀን የሚያሳየው ድምር፣ መባጃ ሐመሩ፣ 15 ነው። በዓለ መጥቅዕ በጥቅምት ስለዋለ ጾመ ነነዌ የካቲት 15 ይገባል። በመስከረም ቢውል ኖሮ በጥር ይሆን ነበር፤ ድምሩ ከ30 ካለፈ ደግሞ ትርፉ ወደ የካቲት ይሻገራል። ከነነዌ 69 ቀን ሲቆጠር ትንሣኤ ይገኛል፤ ሚያዝያ 24 ቀን 2019። ዐቢይ ጾም በ14፣ ሆሣዕና በ62፣ ስቅለት በ67፣ ዕርገት በ108፣ ጰራቅሊጦስ በ118 ይወጣሉ። ማረጋገጫውም እዚያው አለ፤ ነነዌ ከሰኞ፣ ትንሣኤ ከእሑድ፣ ዕርገት ከሐሙስ ንቅንቅ አይሉም። የወጣው ቀን ማክሰኞ ከሆነ ስሌቱ ተሳስቷል።

የቃላቱ ምንጭ ሲታይ ስሌቱ ከየት እንደተነሣም ይታያል። መጥቅዕ የሚለው ስም በኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 23 ከተጻፈው ከመለከት በዓል የመጣ ነው። ፋሲካ የዕብራውያኑ «ፔሳሕ» በግሪክ በኩል አልፎ የደረሰን ነው፤ ከግብፅ የወጡበት ማለፍና መሻገር። የክርስቲያኑ ትንሣኤ በኦሪቱ ፋሲካ ላይ ስለተመሠረተ ነው ጨረቃ ስሌቱ ውስጥ የገባችው። ሆሣዕና «አድነን» የሚል የዕብራይስጥ ልመና ነው። ገና ልደት፣ ጰራቅሊጦስ አጽናኝ፣ ጳጉሜን ተጨማሪ፤ ሦስቱም ከግሪክ ናቸው።

ቀናቸው የተዛወረ በዓላትም አሉ፤ የተዛወሩበት ምክንያት መነገር አለበት እላለሁ። ቅድስት ዕሌኒ ደመራ አስደምራ የዕጣኑ ጢስ የጠቆማትን ተራራ ማስቆፈር የጀመረችው መስከረም 17፣ መስቀሉ የተገኘው ግን መጋቢት 10 ነው ይላል ትውፊቱ። መጋቢት 10 በየትኛውም ዓመት ከዐቢይ ጾም አይወጣም፤ ጾሙ ቢፈጥን የካቲት 1፣ ቢዘገይ መጋቢት 5 ይገባልና። ደስታው ወደ መስከረም የመጣው ለዚህ ነው። ቃና ዘገሊላም እንዲሁ። ጌታ በጥር 11 ተጠምቆ 40 ቀን ጾሞ ሲያበቃ የተደረገ ሠርግ ጥር 12 ሊሆን አይችልም፤ ትክክለኛ ቀኑ የካቲት 23 ነው። አባቶች የውኃውን በዓል ከውኃው በዓል ጋር ለማያያዝ ከጥምቀት ማግስት አደረጉት። የዋዜማው ስም ከተራ ደግሞ በቀጥታ ከሥራው የወጣ ነው፤ ጥር 10 ቀን ወራጁን ውኃ መከተር።

ከሁሉ በላይ ያለ ትርጉሙ ሲጠራ የሚያሳዝነኝ ቀዳም ሥዑር ነው። ሥዑር ማለት የተሻረ ማለት ነው። ቅዳሜ እንደ እሑድ ሁሉ እስከ ተሲዓት ከእህል የማይጾምበት ሰንበት ሲሆን፣ ጌታ በመቃብር ያደረበት ይህ አንድ ቅዳሜ ግን ይጾማል፤ የሰንበትነት ወጉ ስለተሻረ ስሙ ሥዑር ሆነ። በዚያው ጠዋት ካህናቱ «ገብረ ሰላመ በመስቀሉ» እያሉ ቄጤማ ያድላሉ፤ ምእመናኑም በራሳቸው ላይ ያስሩታል። ርግብ የጥፋት ውኃ መጉደሉን በለምለም ቅጠል ለኖኅ እንዳበሠረች፣ ሞት መሻሩን የሚያበሥር ምልክት ነው። ቴሌቪዥኖቻችን ቄጤማውን ለጌጥ ያሳዩታል፤ ኖኅን የሚያነሣ ግን ጥቂት ነው።

ይህን ለማስተካከል አዲስ ተቋም አያስፈልግም። መስከረም 1 ቀን በየአጥቢያው የዓመቱ ባሕረ ሐሳብ ይታወጃል፤ ወንጌላዊው፣ ወንበሩ፣ አበቅቴው፣ መጥቅዑ፣ አጽዋማቱና በዓላቱ አንድ በአንድ ይነገራሉ። የዜና ክፍሎች ያን ዐዋጅ ቀርጸው ከነማብራሪያው ያስተላልፉት። ካላንደር አታሚዎችም በመጀመሪያው ገጽ ላይ አበቅቴና መጥቅዑን ይጻፉ፤ በ2020 ደግሞ ታኅሣሥ 28 ሥር «ልደት፣ ዘመነ ዮሐንስ ስለሆነ» ብለው አንድ መስመር ይጨምሩ።